ጥሩ ሥራ ለምን ሳይታይ ይቀራል? የጨዋታ “ሞድ” ሥርጭት በፊዚክስ ዓይን

በኮምፒዩተር ጨዋታ ዓለም “ሞድ” የሚባለው፣ አንድ ኩባንያ ሠርቶ ያወጣውን ጨዋታ መነሻ በማድረግ ተጫዋቾች ራሳቸው የሚሠሩት ማሻሻያ ነው። ማሻሻያው ለአንድ ገጸ ባሕርይ አዲስ ልብስ ከማልበስ ሊጀምር ይችላል። አዲስ አገርና አዲስ ታሪክ እስከ መፍጠር፣ አልፎም የጨዋታውን ሕግ ከሥር እስከ መለወጥ ሊደርስም ይችላል። ሠሪዎቹ በአብዛኛው ወጣቶች፣ ብዙዎቹም ተማሪዎች ናቸው። ክፍያ ሳይጠብቁ ሌሊታቸውን ሰውተው ይሠራሉ፤ ሥራውንም ለሕዝብ በነፃ ያወጣሉ።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ወራት የፈጀው ሞድ ከሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ ሞዶች ጋር በአንድ ዝርዝር ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሰው፣ በሁለተኛው አምስት ሰው ያወርደዋል፤ ከሳምንት በኋላ የሚያስታውሰው አይኖርም። በዚህ ጊዜ ሠሪው ከሁለት ድምዳሜዎች አንዱን ይይዛል። ወይ “ሥራዬ የማይረባ ነው” ብሎ ይተወዋል፤ ወይ “ሰው ጥሩ ነገር አያውቅም” ብሎ ያኮርፋል። የመጀመሪያው ድምዳሜ ተሰጥኦ ያለውን ወጣት ከሙያው ያርቀዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከስህተቱ እንዳይማር ያደርገዋል። ሁለቱም የሚመነጩት የሥርጭትን ሕግ ካለማወቅ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን። ስለ ንግድ ማስታወቂያ እንናገር ዘንድ ሙያችን አይፈቅድልንም። ስለ መባዛትና ስለ ዕድል ግን ፊዚክስ የሚለው ብዙ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

አጭር ታሪካዊ ዳራ

ኢድ ሶፍትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በዲሴምበር 1993 “ዱም” የተሰኘውን ጨዋታ ሲያወጣ፣ የጨዋታውን ሞተር ከካርታው፣ ከሥዕሉና ከድምፁ ለይቶ አስቀመጠ። ሞተር ስንል ሥዕሉን በስክሪኑ ላይ የሚያሳየውንና ሕጉን የሚያስፈጽመውን ፕሮግራም ማለታችን ነው። በዚህ አሠራር ማንኛውም ተጫዋች ፕሮግራሙን ሳይነካ የራሱን ካርታ ሠርቶ በጨዋታው ውስጥ ሊያስገባ ቻለ። ሞድ የመሥራት ባህል እንዲስፋፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱና ዋናው ይህ ነበር።

ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ1998 “ሃፍ-ላይፍ”ን ካወጣ በኋላ፣ ሚን ሊ እና ጄስ ክሊፍ የተባሉ ሁለት ወጣቶች በዚሁ ጨዋታ ላይ ተመሥርተው “ካውንተር-ስትራይክ” የተሰኘ ሞድ ሠሩ። የመጀመሪያውን የሙከራ ዕትም በጁን 1999 ለሕዝብ በነፃ አወጡ። ሚን ሊ በዚያን ጊዜ በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በ2000 ቫልቭ ሥራውን በእጁ አስገባ፤ ሞዱም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ራሱን የቻለ ምርት ሆኖ ገበያ ላይ ዋለ። በ“ዋርክራፍት 3” ላይ በ2003 የተሠራው “ዶታ” የተባለ ካርታም እንዲሁ በተለያዩ ሰዎች እጅ እየተቀባበለ አደገ። በ2009 የወጣው “ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ” እና በ2013 የወጣው “ዶታ 2” የተባሉት ታላላቅ ጨዋታዎች የዘር ሐረጋቸው ከእርሱ ይመዘዛል።

እነዚህ ሥራዎች ጥሩ እንደነበሩ አያጠራጥርም። ሆኖም ጥሩ ከሆኑት ሁሉ እነርሱ ለምን ተስፋፉ? መልሱን ለማግኘት ወደ ኒውክሌር ፊዚክስ እንሻገር።

ሰንሰለታዊ አፀግብሮት

አንድ የዩራኒየም 235 ኒውክለስ ኒውትሮን ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅም በአማካይ 2.4 ገደማ አዳዲስ ኒውትሮኖችን ይለቃል። እነዚህ ኒውትሮኖች ሁሉ ሌላ ኒውክለስ አይሰነጥቁም። አንዳንዱ ከቁሱ አምልጦ ይወጣል፤ አንዳንዱ በሌላ ንጥረ ነገር ተውጦ ይቀራል። ቁም ነገሩ ከአንድ ስንጥቀት የተነሡ ኒውትሮኖች በአማካይ ስንት አዲስ ስንጥቀት ያስከትላሉ የሚለው ነው። ይህን ቁጥር “ማባዣ” ብለን፣ በአጭሩ በ“ማ” እንወክለው። ማ ከ1 ካነሰ ሰንሰለቱ ይከስማል። ማ ከ1 ከበለጠ ሰንሰለቱ ያድጋል። ኤንሪኮ ፌርሚና ባልደረቦቹ ዲሴምበር 2 ቀን 1942 በቺካጎ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሰንሰለታዊ አፀግብሮት ሲያስጀምሩ ማባዣው ወደ 1.0006 ገደማ ነበር። ከ1 የበለጠው በኢምንት ነው፤ ነገር ግን በቂ ነበር።

የሞድ ሥርጭትም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይችላል። አንድ ተጫዋች ሞዱን ከወደደው ለሌሎች ይነግራል። ከሰሙት መካከል የተወሰኑት ገጹን ከፍተው ያወርዱታል። ካወረዱት መካከል ደግሞ የተወሰኑት በትክክል ጭነው፣ ተጫውተው፣ ወደውት ይዘልቃሉ፤ እነርሱም በተራቸው ይነግራሉ። ስለዚህ፦

ማ = ነ × ሞ × ጸ

በዚህ ቀመር “ነ” አንድ ተጫዋች በአማካይ የሚነግራቸው ሰዎች ብዛት ነው። “ሞ” ከሰሙት ውስጥ የሚሞክሩት ድርሻ፣ “ጸ” ደግሞ ከሞከሩት ውስጥ የሚጸኑት ድርሻ ነው። ማ ከ1 ሲያንስ፣ እያንዳንዱ መነሻ ተጫዋች ራሱን ጨምሮ በጠቅላላ የሚያስገኘው የተጫዋች ብዛት 1 ÷ (1 − ማ) ይሆናል።

ቁጥር እናስገባ። አንድ ተጫዋች ለ8 ሰዎች ይናገራል፤ ከእነርሱ ሩቡ (0.25) ይሞክራሉ፤ ከሞካሪዎቹ 0.4 ያህሉ ይጸናሉ እንበል። ማ = 8 × 0.25 × 0.4 = 0.8 ይሆናል። ስለዚህ አንድ መነሻ ተጫዋች 1 ÷ 0.2 = 5 ተጫዋቾችን ያስገኛል፤ መቶ መነሻ ተጫዋቾች አምስት መቶ ይሆናሉ ማለት ነው። አሁን ሠሪው አንዲት የመጫን ችግር አስተካክሎ የሚጸኑትን ከ0.4 ወደ 0.45 ቢያደርሳቸው ማ 0.9 ይሆናል፤ መቶዎቹም አንድ ሺህ ይሆናሉ። ወደ 0.5 ቢያደርሳቸው ግን ማ በትክክል 1 ላይ ያርፋል፤ ቀመሩም ወሰን የሌለው ቁጥር ይሰጣል። በተግባር ሥርጭቱ የሚቆመው ዋናውን ጨዋታ ያላቸው ሰዎች ሲያልቁ፣ ወይም የሚነገራቸው ሰዎች ቀድመው የሰሙ ሲሆኑ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንጠይቃለን። በጥራት በጣም የሚቀራረቡ ሁለት ሞዶች፣ አንዱ በ0.8 ሌላው በ1.05 ማባዣ፣ እጅግ የተራራቀ ዕጣ ይገጥማቸዋል። በወሰኑ አጠገብ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ውጤት አላት። ከተጫዋቹ ብዛት ተነሥቶ የሥራውን ጥራት መገመት የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ከሦስቱ የትኛው ይሻሻል?

ሦስቱ ቁጥሮች የሚባዙ እንጂ የሚደመሩ አይደሉም። ስለዚህ አንዱ ዜሮ ከሆነ የሌሎቹ ትልቅነት ፋይዳ የለውም። ከዚህም በላይ ከሁሉ ያነሰውን ድርሻ ማሻሻል ከሁሉ የበለጠ ትርፍ ያስገኛል። 0.1 የነበረውን ወደ 0.2 ማድረስ ማባዣውን በእጥፍ ያሳድጋል፤ 0.8 የነበረውን በዚያው መጠን ወደ 0.9 ማድረስ ግን የሚጨምረው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። ብዙ ሠሪዎች ግን የሚያደርጉት ተቃራኒውን ነው፤ አስቀድሞ ያማረውን ሥዕል ሲያሳምሩ ይከርማሉ፤ የመጫኛው መመሪያ ግን ማንም የማይረዳው ሆኖ ይቀራል።

በመጀመሪያ “ጸ”ን እንመልከት። በ“ዋርክራፍት 3” አንድ ሰው ካርታው ወደ ተከፈተበት የጨዋታ ክፍል ሲገባ፣ ካርታው ከሌለው ከአስተናጋጁ በቀጥታ ይተላለፍለት ነበር። አዲሱ ተጫዋች ፋይል መፈለግና በእጁ መጫን አላስፈለገውም። “ዶታ” በፍጥነት እንዲስፋፋ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ቫልቭ በ2011 የጀመረው “ስቲም ወርክሾፕ”ም ይህንኑ መሰናክል ቀነሰ፤ ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ሲጫን ሞዱ ራሱ ይወርዳል፤ ሠሪው ሲያድሰውም አብሮ ይታደሳል። የፋይል መጠንም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር 2 ጊጋባይት ፋይል ለማውረድ አራት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ 200 ሜጋባይት ግን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። መስመር በሚቆራረጥበት አገር የሚኖር አንባቢያችን ይህ ልዩነት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻውም።

“ሞ” የሚወሰነው ሰው ገጹን ሲከፍት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች በሚያየው ነገር ነው። “ጨዋታውን እጅግ የሚያሻሽል ታላቅ ሞድ” የሚል መግለጫ ምንም አይናገርም። “በከተማው ከአንድ ነዋሪ በቀር ሁሉም ውሸታም ነው፤ እውነተኛውን ፈልግ” የሚል መግለጫ ግን ተጫዋቹ ምን እንደሚያደርግ ይነግረዋል። ስሙ ለማስታወስ ቀላል ይሁን፤ የመጀመሪያው ሥዕል የሞዱን ልዩ ነገር ያሳይ፤ ሞዱ ከየትኛው የጨዋታው ዕትም ጋር እንደሚሠራም በግልጽ ይጻፍ።

“ነ” ደግሞ ተጫዋቹ የሚናገረው ነገር በማግኘቱ ላይ ይመሠረታል። ኒውዚላንዳዊው ዲን ሆል በ2012 በ“አርማ 2” ጨዋታ ላይ “ዴይዚ” የተባለውን ሞድ አወጣ። በዚህ ሞድ ተጫዋቹ በረሃብና በጥም እየተፈተነ፣ ያገኘውን ሰው ይመን አይመን እያመነታ ይጓዛል፤ ከሞተም ሁሉን ያጣል። በዚህም ምክንያት እያንዳንዱ ጨዋታ ለጓደኛ የሚተረክ ታሪክ ይወልዳል። ሞዱ በጥቂት ወራት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተጫዋቾችን አፈራ፤ ሦስት ዓመት ያስቆጠረውን “አርማ 2”ንም እንደገና ተፈላጊ አደረገው። ሰው የሚያወራው ስላየው ውበት ብቻ አይደለም፤ ስለ ደረሰበት ነገር ያወራል። ሠሪው ራሱን “ተጫዋቹ ከጨዋታው ሲነሣ ለጓደኛው ምን ይለዋል?” ብሎ ይጠይቅ። መልስ ካጣ፣ የሚጎድለው ማስታወቂያ ሳይሆን ንድፉ ነው።

የመነሻ ቁጥርና የዕድል ድርሻ

ማ ከ1 ቢበልጥም ሥርጭቱ ዋስትና የለውም። ማ አማካይ ቁጥር ነው፤ አንዱ ተጫዋች ለማንም ላይናገር፣ ሌላው አምስት ሰው ሊያመጣ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዎች በአጋጣሚ ዝምተኞች ከሆኑ ሰንሰለቱ ገና ሳይያያዝ ይቋረጣል። የሒሳብ ሊቃውንት ይህን የመክሰም ዕድል አስልተውታል። አዲስ የሚመጡት ሰዎች ብዛት የፖይሰንን ሥርጭት የሚከተል ከሆነና ማ 1.2 ከሆነ፣ ከአንድ ሰው የተነሣ ሰንሰለት የመክሰም ዕድሉ 0.69 ገደማ ነው። ከአምስት ሰዎች ከተነሣ 0.15 ገደማ ይሆናል፤ ከአሥር ሰዎች ከተነሣ ግን ወደ 0.02 ይወርዳል። ያው ሞድ፣ ያው ጥራት፤ ልዩነቱ ግን ከሦስት ሁለቱ ከሚሞቱበት ወደ ሃምሳ አንዱ ወደሚሞትበት ሁኔታ መሸጋገር ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሞዱ ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት አሥር ወይም ሃያ ቁም ነገረኛ ሞካሪዎችን ማሰባሰብ፣ ስህተቶቹን ከእነርሱ ጋር ማረም፣ በመውጫው ቀንም ሁሉም በአንድነት እንዲገኙ ማድረግ ይገባል። ይህ በተለይ ብዙ ሰው አብሮ ለሚጫወታቸው ሞዶች የሕልውና ጉዳይ ነው። በቀን አንድ አንድ ሰዓት የሚጫወቱ 48 ሰዎች በ24ቱ ሰዓት ቢበተኑ በአንድ ጊዜ የሚገናኙት በአማካይ ሁለት ብቻ ናቸው። ቅዳሜ ምሽት በአንድ በተወሰነ ሰዓት ቢቀጠሩ ግን 48ቱም ይገናኛሉ። በስስ ገበታ መልክ የተዘረጋ ዩራኒየም ኒውትሮኑ ሁሉ ያመልጠዋል፤ ያው ዩራኒየም እንደ ድቡልቡል ሲሰበሰብ ግን አፀግብሮቱ ሊጸና ይችላል። መጠኑ አንድ ነው፤ የተለየው አሰባሰቡ ነው።

ብዙ ተመልካች ያለው ሰው ሞዱን በቪዲዮ ቢያሳየውስ? ይህ በአንድ ጊዜ ብዙ ኒውትሮኖችን የመርጨት ያህል ነው። አሥር ሺህ ሰው በአንድ ቀን መጥቶ ማ 0.2 ብቻ ከሆነ፣ ጠቅላላው ከ12,500 አያልፍም፤ ወሬውም በፍጥነት ይበርዳል። ስለዚህ ለታወቀ ሰው ደብዳቤ ከመጻፍ በፊት ማባዣውን ማስተካከል ይቀድማል። “ካውንተር-ስትራይክ”ም በአንድ ቀን ታላቅ አልሆነም፤ ከ1999 አጋማሽ እስከ 2000 መጨረሻ ተከታታይ የሙከራ ዕትሞች እየወጡ፣ በተጫዋቹ አስተያየት እየተቃኙ ነው የበሰለው።

የማሰሮው ሙከራ

ሌላው ኃይል የዝርዝሩ አሠራር ነው። ሞዶች የሚቀመጡባቸው ገጾች ብዙ ጊዜ የወረደውን ከላይ ያስቀምጣሉ፤ ከላይ ያለው ይታያል፤ የታየው ይበልጥ ይወርዳል። የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቁ ሮበርት ሜርተን በ1968 ተመሳሳዩን ነገር በሳይንቲስቶች ዝና ላይ ተመልክቶ “የማቴዎስ ውጤት” ብሎ ሰይሞታል። ለተማሪዎቻችን ይህን በቤት ውስጥ በሚሠራ ሙከራ ማሳየት ይቻላል። በአንድ ማሰሮ ውስጥ አንድ ቀይና አንድ ነጭ ቦሎቄ ይደረግ። ዓይን ተጨፍኖ አንዱ ይውጣ፤ ከዚያም ከተመሳሳይ ቀለም ሌላ አንድ ተጨምሮበት ይመለስ። ይህ ብዙ ጊዜ ሲደጋገም የቀዩ ድርሻ በአንድ ቁጥር ላይ ይረጋል። የትኛው ቁጥር እንደሚሆን ግን አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ከ0 እስከ 1 ያሉት ሁሉ እኩል ዕድል አላቸው። ቀይ ቦሎቄ ከነጭ የሚበልጥበት ምንም ነገር የለም። አሸናፊውን የለዩት የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዕጣዎች ናቸው። ከአሥር ቀይና ከአሥር ነጭ ብንጀምር ግን ድርሻው አብዛኛውን ጊዜ በ0.4 እና በ0.6 መካከል ይረጋል፤ የመነሻ ስንቅ የዕድልን ጉልበት ይቀንሳልና።

ሰዎችም እንደ ቦሎቄው ናቸውን? ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንካን ዋትስ በ2006 “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህን ፈትኗል። 14,341 ተሳታፊዎች ያልታወቁ 48 ዘፈኖችን እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲያወርዱ ተደረገ። አንዱ ወገን የሌሎችን ምርጫ አያይም ነበር። የቀሩት እርስ በርስ በማይገናኙ ስምንት “ዓለሞች” ተከፍለው በየዓለማቸው የወረደውን ብዛት ያዩ ነበር። ውጤቱም እጅግ ጥሩዎቹ ዘፈኖች እምብዛም እንደማይወድቁ፣ እጅግ ደካሞቹም እምብዛም እንደማያሸንፉ አሳየ። ከሁለቱ ጫፎች መካከል ያሉት ግን በአንዱ ዓለም ከላይ፣ በሌላው ከታች ሆኑ። ጥራት ዋጋ አለው፤ ብቻውን ግን ፈራጅ አይደለም።

ከዚህ ተነሥተን ሁለት ምክር እንሰጣለን። አንደኛ፣ የትኛው ማሰሮ ውስጥ እንደሚገባ ማሰብ ነው። በ2011 ለወጣው “ስካይሪም” በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞዶች ተሠርተዋል፤ ተጫዋቹ ብዙ ነው፣ ፉክክሩም ብዙ። አነስ ባለ ጨዋታ፣ ወይም በትልቁ ጨዋታ ውስጥ ማንም ባልነካው ዘርፍ መጀመር ያዋጣል። ሁለተኛ፣ እውነተኛ ማሻሻያ በተሠራ ቁጥር አዲስ ዕትም ማውጣት ነው፤ እያንዳንዱ ዕትም ሞዱን ወደ ዕይታ ይመልሰዋል፤ ዕጣውም እንደገና ይወጣል።

መለኪያን ስለ ማበላሸት

አንዳንዱ በሐሰተኛ ስሞች ለራሱ ምስጋና ይጽፋል፤ ወይም ማውረጃ ቁጥሩን በፕሮግራም ያሳድጋል። የሥነ ምግባሩን ነገር ለጊዜው ወደ ጎን ብንተወው እንኳ ድርጊቱ ሳይንሳዊ ኪሳራ ነው። በማሰሮው ውስጥ ቦሎቄ ይጨምር ይሆናል፤ “ጸ”ን ግን አይጨምርም። ተታሎ የመጣ ሰው ተቆጥቶ ይሄዳል፤ የሚናገረውም ክፉ ነው። ከሁሉ የከፋው፣ ሠሪው የትኛው ቁጥር እውነት እንደሆነ ከዚያ ወዲያ አያውቅም። ትኩሳቱን ለማውረድ ቴርሞሜትሩን በረዶ ውስጥ እንደነከረ በሽተኛ ይሆናል።

ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን አይተናል። ሥርጭት የብዜት ውጤት ስለሆነ ደካማውን ቁጥር መፈለግ ይቀድማል። የመነሻ ተጫዋቾች ቁጥር ሰንሰለቱን ከአጋጣሚ ሞት ያድነዋል። በመጨረሻም የታዋቂነት መሰላል ዕድልን ያጎላል። ስለዚህ ሞዱ ያልታየለት ወጣት ሥራው መጥፎ ነው የሚል ማስረጃ በእጁ የለውም፤ ጥሩ ነው የሚልም እንዲሁ። ያለው ያልተለኩ ሦስት ቁጥሮች ናቸው። ሞክረው የተዉትን አምስት ሰዎች “የት ላይ ተዋችሁት?” ብሎ መጠየቅ የመለካት መጀመሪያ ነው። ለሰፊው ሕዝብ የደረሰለትም ቢሆን ከዕድል የተበደረውን አይርሳ፤ ያልታየለትን ባልንጀራውንም አይናቅ። ይህ ሕግ በሳይንስ ጽሑፎች መጠቀስ ላይም የሚሠራ በመሆኑ፣ ነገ ተመራማሪ የሚሆኑት አንባቢዎቻችን ደጋግመው ያገኙታል።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ነ = 6፣ ሞ = 0.3፣ ጸ = 0.5 ቢሆኑ ሃምሳ መነሻ ተጫዋቾች በጠቅላላ ስንት ይሆናሉ? ጸ ወደ 0.55 ቢያድግስ? (መልስ፦ 500 እና 5,000።)

2. ከአንድ ሰው የሚነሣ ሰንሰለት የመክሰም ዕድሉ 0.69 ከሆነ፣ ዕድሉን ከ0.01 በታች ለማውረድ ቢያንስ ስንት መነሻ ተጫዋቾች ያስፈልጋሉ? (መልስ፦ 13።)

3. የማሰሮውን ሙከራ ሦስት ጓደኛሞች በሦስት ማሰሮ ሃምሳ ሃምሳ ጊዜ ሠርታችሁ የቀዩን ድርሻ አወዳድሩ። ሦስቱ ውጤቶች ለምን ተለያዩ? በአሥር ቀይና በአሥር ነጭ ጀምራችሁ ስትደግሙት ልዩነቱ ምን ሆነ?